በካሬ ርካሽ ነው ተብላችሁ ቀለም ቀቢ እንዳትይዙ!

ለአዲስ ዓመት ቤት ለማስቀባት ያሰባችሁ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። ነሐሴ ሲጋመስ ሁሉም ሰው ባንዴ ቀቢ ፍለጋ ይወጣል፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው ተይዘዋል፣ ያኔ ነው እንግዲህ ደላላው "በካሬ ይሄን ያህል ብቻ" የሚል ሰው ይዞ ከች የሚለው።

እህቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለ ሁለት መኝታ ነው ቤቷ፣ 55 ካሬ። ሰውየው መጣ፣ ክፍሎቹን ዞር ዞር ብሎ አየና በካሬ የእጅ ዋጋውን ነገራት፣ ከሌሎቹ በጣም የቀነሰ ነው። በቃል ተስማሙ፣ ቀብዱን በካሽ ወሰደ። ስራው ሊያልቅ ሲል ሜትር አወጣና ለክቶ "210 ካሬ ነው" አላት። ቤቱ 55 ነው እኮ ስትለው "እህቴ፣ 55ቱ የምትረግጪው ወለል ነው፣ እኔ የቀባሁት ግድግዳና ኮርኒስ ነው" አላት። ስንት ተጨቃጭቃ የበርና የመስኮቱን ቦታ አስቀንሳ 190 ላይ ቆመ። ለማስያ ያህል ካሬውን 100 ብር በሉት (የዛሬ ገበያ ነው እያልኩ አይደለም)፣ 5,500 ብር ያለችው ነገር 19,000 ሆነ ማለት ነው።

ግድግዳ ተለክቶ መከፈሉ ትክክል ነው፣ በካሬ የሚያስከፍል ቀቢ አብዛኛው የሚሰራው እንደዛ ነው፣ ላቡን አፍስሶ የቀባውን ማግኘት አለበት። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሰውየው ልምድ አለው፣ እሷ የወለሉን ካሬ እያሰበች እንደሆነ ሲያወሩ ገብቶታል፣ አውቆ ነው ዝም ያለው። እሱም አልበቃው ብሎ ስቱኮው (ከቀለም በፊት ግድግዳውን ለማለስለስ የሚለጠፈው) ለብቻ፣ የበርና የፍሬሙ ዘይት ቀለም ለብቻ፣ የድሮውን ቀለም መፋቅ ለብቻ እያለ ጨመረባት። "በካሬ" ያለው ዋጋ ለካ የሮለሩ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በካሬ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ካሬው የምን እንደሆነና ውስጡ ምን ምን እንዳለ ጠይቁ። ስቱኮ ስንት እጅ (ስንት ጊዜ ተደራርቦ) ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል ወይ፣ ቀለሙ ሁለት እጅ ነው ሶስት፣ መሰላል፣ ሮለርና ብሩሽ የማን ነው፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ የማን ነው፣ ሲጨርስ ማን ያጸዳል። ልኬቱን ደግሞ ራሳችሁ ቀድማችሁ ስሩት፣ ከባድ አይደለም። 4 በ3.5 የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 2.7 ከሆነ ስታባዙት 40 ካሬ ምናምን ይመጣል፣ በርና መስኮቱን ወደ 4 ካሬ ቀንሱ፣ ኮርኒሱን 14 ጨምሩ፣ 50 ካሬ ገደማ ሆነ። አያችሁ፣ ወለሉ 14 ካሬ ብቻ የሆነ ክፍል!

ሁለተኛው ትልቅ ጉድ ቀለሙ ላይ ነው፣ እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይበላል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል። የእህቴ 190 ካሬ ሁለት እጅ ሲሆን 380 ነው፣ 38 ሊትር ማለት ነው፣ ጋሎኑን 4 ሊትር ብትይዙት 10 ጋሎን አይሞላም (አንዳንዱ ቆርቆሮ ከዛ ያንሳል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ)። አዲስ ስቱኮ ይጠጣል፣ እሺ ትንሽ ጨምሩበት። ሰውየው ግን 18 ጋሎን ነው ያስገዛት፣ ያውም እሱ ከሚያውቀው ሱቅ። አንዳንድ ሱቅ ገዢ ላመጣ ቀቢ በጋሎን ኮሚሽን ያስባል፣ ኮሚሽኑ ደግሞ እናንተ የምትከፍሉት ዋጋ ላይ ነው የሚጫነው። እና ያ ሁሉ ቀለም ቤቱ ውስጥ ገባ ወይ ብትሉ አልገባም። እኔ ሄጄ የሳሎኑን ግድግዳ በእጄ ጠረግ ሳደርገው መዳፌ ነጭ ዱቄት ሆነ፣ መስኮቱ ጋ በጎን ሲታይ የድሮው ቀለም ከስር ይታያል፣ ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ደግሞ ውሃ የሆነ ቀለም እንባ መስሎ ወርዶ ደርቋል። ቀጥኖ ነው የተቀባው፣ የተረፈው ጋሎን የት እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ስትገዙ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ ባዶው ቆርቆሮ እንዳይጣል በሉትና መጨረሻ ላይ ምልክቱን እያያችሁ ቁጠሩ። ቀለም ሲከፈትና ውሃ ሲጨመር ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይኑር፣ ስንት ውሃ እንደሚገባ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። ስቱኮም እንደዛው፣ የታሸገ ፋብሪካ ስቱኮ ሂሳብ ተቀብሎ ጀሶ በኮላ አቡክቶ የሚለጥፍ አለ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲነካ ይረግፋል።

ዋጋ ስትጠይቁ የዛሬ ሁለትና ሶስት ዓመት የጎረቤት ዋጋ ይዛችሁ አትሟገቱ፣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ከተለቀቀ ወዲህ ቀለም እንደድሮው አይደለም፣ ግብዓቱ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሶስት ቀቢ አስመጥታችሁ ያንኑ ግድግዳ አሳዩና አወዳድሩ። አንዱ ከሁለቱ በጣም ከቀነሰ ያጎደለው ነገር አለ።

ለበዓል ላድርስልህ ብሎ ለሚያዋክባችሁም አትቸኩሉ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የመታው ግድግዳ ነሐሴ ላይ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ላዩ ላይ ስትቀቡበት ያብጥና ይላጣል፣ ጨው ያወጣል፣ ጥቅምት ላይ ድጋሚ ወጪ ነው። ማታ ላይ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ እደሩ፣ ጠዋት ውስጡ ጤዛ ከያዘ አይቀባም በቃ፣ ሻወሩ ጎን ያለው ግድግዳ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቧንቧው ይታይ። አዲስ ሲሚንቶ ልስንም ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ህጻን ልጅ ያላችሁ ደግሞ የድሮ ዘይት ቀለም ያለበት በር በደረቁ ሲፋቅ ልጆቹን ከቤት አውጡ፣ የድሮ ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ልጅ ይጎዳል። እኛም አገር እኮ ሊድን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ ወጥቷል፣ ስለዚህ ስምም ጽሁፍም የሌለው ቆርቆሮ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፣ ሁለት ሰው ይመስክርበት፣ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ካሬው ተለክቶ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እጅ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የቀቢው ስምና የመታወቂያው ኮፒ። ክፍያ በቴሌብር ወይ በባንክ አድርጉ፣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ ስቱኮው ታሽቶ ስታዩት የተወሰነ፣ ቀለሙ አንደኛ እጅ ሲያልቅ የተወሰነ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በቀን ብርሃን በእጃችሁ ዳብሳችሁ ካያችሁ በኋላ። ማታ በአምፖል አትረከቡ፣ አምፖል ጉድ ይደብቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀቢው ባለፈው ዓመት የሰራውን አንድ ቤት ያሳያችሁ፣ ክረምት ያለፈበትን፣ ትናንት የጨረሰውን ሳይሆን።