ሊኑክስ ሚንት 22 ጅማ ገበያ ላይ ባሉ ያገለገሉ ላፕቶፖች፦ የቱ ይሠራል፣ የቱ ያስቸግራል

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጄነሬሽን (ትውልድ) ኢንቴል ፕሮሰሰር ላለው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ ከሚጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 የተሻለ የሚመጥነው ስርዓተ ክወና ዛሬ አይገኝም። ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። በአንድ ዋጋ የሚሸጡ፣ ራማቸውም ፕሮሰሰራቸውም አንድ የሆነ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሚንት እንደተነሳ ዋይፋይ ይይዛል፤ ሌላው ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ እንደሌለው ይሆናል። ልዩነቱን የምታመጣው ከስሩ ክዳን ውስጥ የተሰካች 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነች ካርድ ናት፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ስለ እሷ አያውቅም።

ይህ ጉዳይ አሁን አንገብጋቢ የሆነው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025) በማቆሙ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከስምንተኛ ጄነሬሽን በታች ያሉትንም ኢንቴሎች ከጥቂቶቹ በስተቀር በይፋ አይቀበልም። በጅማ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ባሉ ኮምፒውተር ቤቶች የሚታዩት እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ5470ና ኢ7470፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 ያሉት ደግሞ ሁሉም ስድስተኛ ጄነሬሽን ናቸው። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖለታል» ተብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ፣ ቁጥጥሩ ታልፎ የተጫነ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ዝመናው እስከ መቼ እንደሚመጣለት ግን ዋስትና የለውም። ሚንት 22 በአንጻሩ እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የደህንነት ዝመና ያገኛል፤ ለማግኘትም ቁልፍም ክራክም አያስፈልግም።

ሚንት በሦስት ዓይነት ዴስክቶፕ ይመጣል፦ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። 8 ጊጋ ራም ካለ ሲናመንን ውሰዱ፤ 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ። አዘጋጆቹ ዝቅተኛው 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ቦታ ነው ይላሉ፤ በ2 ጊጋ ክሮም ከፍቶ ሥራ እሠራለሁ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ማሽኑ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ደግሞ ራም ከመጨመራችሁ በፊት ኤስኤስዲ ቀይሩ። የፍጥነቱ ለውጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የሚንት መጫኛ ፋይል 3 ጊጋባይት ይጠጋል። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ይጻፋል። ከመጻፉ በፊት የወረደውን ፋይል ሻ-256 የሚባል ማረጋገጫ ቁጥር የሚንት ማውረጃ ገጽ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር አይዘለል። በሞባይል ዳታ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ተበላሽቶ ሊደርስ ይችላል፤ ውጤቱም መሃል ላይ የሚቆም ጭነት ነው፤ ያኔ ጥፋተኛ ተደርጎ የሚጠራው ሊኑክሱ ይሆናል። በላዩ 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ግን ያን የማይዝ የውሸት ፍላሽም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ፍላሹ ማሽን መፈተሻም ይሆናል። ሚንት ምንም ሳይጭን ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነካም። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፈል፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ሁሉን ማየት ትችላላችሁ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ኤችፒ ሲበራ ኤፍ9፣ ዴልና ቲንክፓድ ኤፍ12 ሲጫን ማሽኑ ከየት እንዲነሳ የሚጠይቅ የቡት ምርጫ ይመጣል። ባዮሱ (ከስርዓተ ክወናው በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ለመግባት ኤችፒ ኤፍ10፣ ዴል ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። የመጀመሪያውና ትልቁ ፈተና እዚህ ነው፦ ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው፣ ላፕቶፑን መልሱ። እነዚህ ማሽኖች ውጭ አገር ባሉ ድርጅቶች ተሠርቶባቸው የመጡ ናቸውና አንዳንዶቹ ከነቁልፋቸው ይመጣሉ። በዩኤስቢ ማስነሳት ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ሚንትን መጫን ይቅርና ዊንዶውስ እንኳ ሲበላሽ ማስተካከል አይቻልም። በቢሮ ላፕቶፖች ላይ ይህን ቃል ባትሪ ነቅሎ መመለስ አያጠፋውም፤ «ቀላል ነው፣ እናስከፍተዋለን» ሲሏችሁ ከፍተው ያሳዩአችሁ።

ሚንት ከተነሳ ከማውጫው «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱ። አንድ ገጽ ላይ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለት መስመሮች ብቻ ፈልጉ። «ኔትዎርክ» ከሚለው ስር የዋይፋይ ካርዱ ስምና አጠገቡ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም የድራይቨሩ ስም አለ። «ኢንቴል 7265»፣ «8260» ወይም «8265» ካያችሁ ነገሩ አልቋል፤ ያለ ምንም ጭማሪ ይሠራል። ከላይ የጠቀስናቸው የቢሮ ማሽኖች በብዛት ከእነዚህ አንዱን ይዘው ነው የሚመጡት፤ አንዳንድ ዴሎች ግን ሌላ ካርድ ይዘው ስለሚገኙ ማየቱ ግዴታ ነው። ከድራይቨር አጠገብ «ኤን/ኤ» የሚል ከሆነ ያ ካርድ ድራይቨር አልተገኘለትም ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር «ባትሪ» የሚለው ነው፤ አሁን ሲሞላ የሚይዘውንና ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውን በዋት-ሰዓት፣ ቀጥሎም በመቶኛ ያሳያል። የ840 ጂ3 ባትሪ አዲስ ሲሆን 46 ገደማ ነው፤ 20 ካሳየ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ይህ ከፕሮሰሰሩ በላይ ዋጋ የሚያስቀንስ ነገር ነው። ቲ460 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱንም እዩ፤ የውስጡ ሞቶ የውጪው ብቻ የሚሠራባቸው አሉ።

ከዚያ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የብርሃን ማብዣና መቀነሻ ቁልፎች። ክዳኑን ዝጉና ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ካልተመለሰ በዚያ ማሽን ላይ ማስተኛት ያስቸግራል ማለት ነው። የጣት አሻራ መቀበያውን ተስፋ አታድርጉበት፤ በዚህ ዘመን ማሽኖች ላይ ያሉት አብዛኞቹ በሊኑክስ አይሠሩም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ብሮድኮም ቢሲኤም43142 የሚባለው ካርድ እንደ ኤችፒ 15 እና ዴል ኢንስፓይሮን ባሉ የቤት ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። ድራይቨሩ የኩባንያው የግል ሶፍትዌር ስለሆነ ሚንት ሲነሳ አብሮ አይነሳም። ተጭኖ ካለቀ በኋላ «ድራይቨር ማናጀር»ን ስትከፍቱ ኢንተርኔት የለም ይላችኋል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የጫናችሁበትን ያንኑ ፍላሽ መልሳችሁ ሰኩ፤ ድራይቨሩ እሱ ላይ አለና ማናጀሩ ከዚያ ይወስዳል። ሁለተኛው፣ አንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመድ አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ፤ ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትዎርክ ያየዋል፣ ድራይቨር አይጠይቅም። ገመዱ ግን ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ርካሽ ገመዶች ብዙ ሰው አድክመዋል።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው የባዮስ ቁጥጥር) በርቶ ብሮድኮም የሚጫን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል፤ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚያ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ቃል ማስገባት ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ ምንም ካልነካችሁ ስክሪኑ በራሱ ያልፋል፤ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ አይሠራም። ይህ ካሰለቻችሁ ሴኪዩር ቡትን አጥፉት። ኤችፒ ላይ ስታጠፉት ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሴቭ ብላችሁ ስትወጡ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አሳይቶ እንድትጽፉትና ኢንተር እንድትጫኑ ይጠይቃል። ካለፋችሁት ለውጡን ይሰርዘዋል፣ እናንተም አጥፍቻለሁ ብላችሁ ታስባላችሁ።

ሪልቴክ የሚባሉት የዋይፋይ ካርዶች መካከል ላይ ናቸው። 8821ሲኢ በሚንት 22 ላይ ያለ ጭማሪ ይነሳል። 8723ቢኢ ያላቸው አንዳንድ ኤችፒዎች ግን ራውተሩ አጠገብ ካልሆኑ ሲግናል አይዙም፤ ካርዱ ሁለት አንቴና መሰኪያ ኖሮት ፋብሪካው አንድ ሽቦ ብቻ ስላስገባለት፣ ድራይቨሩም ባዶውን መሰኪያ ስለሚመርጥ ነው። የድራይቨሩን የአንቴና ምርጫ ወደ 2 መቀየር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ካርድ መቀየር ከሁሉ ንጹህ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ስታስመጡ የምታዙትን እወቁ። ኢንቴል 9560 እና ኤኤክስ201 ሲኤንቪአይ የሚባል አሠራር ስላላቸው የካርዱ ግማሽ ሥራ ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው ያለው፤ ስድስተኛ ጄነሬሽን ላይ ቢገቡም አይሠሩም። 8265 ወይም ኤኤክስ200 ይሁን። የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮዎች ደግሞ ባዮሳቸው የማያውቀው ካርድ ሲገባ አልነሳም ይላሉ። ለእነዚያ የሚመከረው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ ነው።

ዴል ላቲቲዩድ ሌላ ጠባይ አለው። ሚንት ሲጫን ዲስክ የለም ይላል፣ ወይም ፍላሹን ብቻ ያሳያል። ኤስኤስዲው አልተበላሸም። ባዮሱ ውስጥ «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚለው «ሬይድ ኦን» ላይ ስለሆነ ነው፤ «ኤኤችሲአይ» አድርጉት። ዊንዶውሱን አብራችሁ ማቆየት ከፈለጋችሁ ግን ይህን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፤ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። መጀመሪያ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዝዛችሁ፣ ዳግም ሲነሳ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፤ በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሱት። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ካለም ከዚህ ሁሉ በፊት ይጥፋ፤ ካልሆነ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሲጠይቃችሁ ፋይሉን ማን ያወጣዋል?

ሁለቱን አብሮ ለሚጭን ሰው ሌላም አለ። ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚይዘው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ስለሚያነበው፣ እኛም ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ነው። ሚንት የአካባቢ ሰዓት እንዲጠቀም በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ሰዓቱ በዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች። ያኔ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን አስተማማኝ አይደሉም ብሎ ይዘጋል፤ ሰውም ኔትዎርክ የለም ይላል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ዊንዶውሱን ባያጠፉት ይመረጣል፤ አውቶካድ ለሊኑክስ አይሠራም፤ ማትላብ ግን የሊኑክስ ቅጂ አለው። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ነጋዴም እንዲሁ። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ በሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ጨምራችሁ «ሴራ» (SERA) የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ ምረጡ፤ የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየመቱ ነው የሚጻፈው። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን ፎንቱ ካልተጫነ ዝባዝንኬ ሆነው ይታያሉ።

ለጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች የሚወስነው ፕሪንተሩ ነው። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ሚንት ወዲያው ያውቀዋል፣ ዝርዝር ውስጥም ይገባል፤ ግን ኤችፒሊፕ የሚባለው የኤችፒ ፕሪንተር ሶፍትዌር ተጨማሪ ፕለጊን ከኢንተርኔት እስኪያወርድለት ድረስ የተላከው ሥራ ወረቀት ሳይወጣ ይጠፋል። ስለዚህ ሲጫን ዳታ ይኑር። ካነን ኤልቢፒ6030 ኩባንያው በሚያወጣው የሊኑክስ ድራይቨር ይሠራል። ኤልቢፒ2900 ግን ካፕት የሚባል የቆየ ድራይቨር ስለሚፈልግ በአዲሶቹ ስርዓቶች ላይ ማስነሳቱ ቀን ይፈጃል፣ ከዝመና በኋላም ሊቆም ይችላል። ደንበኛ ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቤት ይህን ፕሪንተር ከያዘ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ኮምፒውተር ባለበት ተዉት፤ ሚንቱን ለመጻፊያው ማሽን አድርጉት።