«የቀለበቶቹ ጌታ» በመጽሐፍና በፊልም

የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የታተመ ሲሆን፣ ፒተር ጃክሰን ያዘጋጀው ፊልም ከ2001 እስከ 2003 በሦስት ክፍል ለእይታ በቅቷል። በመጽሐፉ ቢልቦ የተባለው ሆቢት (በታሪኩ ውስጥ ቁመተ አጭር ከሆኑት ሕዝቦች አንዱ) አስማተኛውን ቀለበት ለዘመዱ ለፍሮዶ ትቶ ከሄደ በኋላ፣ ፍሮዶ ከቀዬው እስኪወጣ ድረስ 17 ዓመታት ያልፋሉ፣ ለጉዞ ሲነሣም 50 ዓመት ሞልቶታል፤ ፊልሙ ግን ይህን ሁሉ ጨምቆ ገና በለጋ ዕድሜው መንገድ ያስጀምረዋል። በመጽሐፉ ሆቢቶቹ በጉዟቸው መጀመሪያ የሚያገኙት ምስጢራዊ ሰው፣ የቶም ቦምባዲል፣ ከፊልሙ መቅረት ብዙ አንባቢዎችን ቢያስከፋም፣ እኔን እምብዛም አላጎደለብኝም። ፍሮዶን መንገድ ላይ የሚይዘው የጦር አዛዥ፣ የፋራሚር፣ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ በመጽሐፉ ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሣው ተናግሮ ፍሮዶን ስንቅ አስይዞ ሲያሰናብተው፣ በፊልሙ ግን እስረኛ አድርጎ እስከ ፈራረሰችው ከተማ እስከ ኦስጊሊያት ይወስደዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት መጨረሻው ላይ ነው። በመጽሐፉ አራቱ ሆቢቶች፣ ፍሮዶና ሦስት ጓደኞቹ፣ ወደ አገራቸው ወደ ሻየር ሲመለሱ፣ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ጎረቤቶቻቸውም በባዕዳን አለቆች ተጨንቀው ያገኟቸውና ራሳቸው ተዋግተው አገራቸውን ነፃ ያወጣሉ። በፊልሙ ግን መንደሩ እንደነበረ ይጠብቃቸዋል፤ መጠጥ ቤት ገብተው በዝምታ ጽዋቸውን ያነሣሉ፣ የፍሮዶ ጓደኛ ሳምም ብድግ ብሎ ወደሚወዳት ወደ ሮዚ ያመራል።