የኪችን ግድግዳ፦ ስቲከርም ፎምም ሞክሬ ሴራሚክ ላይ እስካርፍ

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ብዬ ነው የምጽፈው። ኪችናችንን አሳድሰን ካቢኔቱም ግራናይቱም አልቆ ከግራናይቱ እስከ ላይኛው ካቢኔት ያለችው 60 ሳንቲ ግድግዳ ብቻ ቀረች። ሰው ሁሉ "እሷማ ምን አላት" አለኝ። አላት!

መጀመሪያ የገዛሁት ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን፣ ያን ብርማውን የዘይት መከላከያ ስቲከር ነው። ጥቅሉ 60 ሳንቲ በ5 ሜትር ስለሆነ ልክ ለኔ ግድግዳ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በመቀስ እየቆረጥኩ አየሩን በባንክ ካርድ እየገፋሁ ለጠፍኩት። ኪራይ ቤት ላለ ሰው አሪፍ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ችግሩ ሙቀት ነው። እኛ ቤት ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ ታውቃላችሁ፣ በሁለተኛው ወር ከምድጃው ጀርባ ያለው ጠርዝ ተላቀቀ፣ ከዛ ዘይቱ ከኋላው ገባ፣ ከዛ በረሮ። በረሮዋን ያየሁ ቀን ሙሉውን ገሸለጥኩት፣ ሲነሳ ደግሞ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ነው የተነሳው።

ፎሙ ላይ (ጡብ የሚመስለው፣ 70 በ77) ብዙ አላወራም። ሳሎን ላይ ያምራል። ኪችን ላይ ማንኪያ ከነካው ይሰረጉዳል፣ ደግሞ ከመለጠፌ በፊት ቁራጩን በረንዳ ላይ በላይተር ሞክሬው ጥቁር ጭስ እያወጣ ቀለጠ። እሱን ይዤ ምድጃ አጠገብ? ይቅር።

ከዛ ወደ ሴራሚክ። ሃያ ሁለትም ተክለሃይማኖትም ዞርኩ፣ ሁሉም ሱቅ "እህቴ ይሄ አንደኛ ነው" ነው የሚለው፣ ስለዚህ ማንንም ማመን ትቼ ከየሱቁ የተሰባበረ ቁራጭ ለምኜ ወሰድኩ። ቤት ደርድሬ ግማሹ ላይ ቁሌት ግማሹ ላይ በዘይት የተለወሰ እርድ ቀብቼ አሳደርኩትና ጠዋት በላርጎና በስፖንጅ ጠረግኩት። የሚያብለጨልጨው ሴራሚክ ምንም እንዳልነካው ሆነ። ማት የሚባለው፣ በተለይ ሸካራ የሆነው፣ ቢጫውን በየጉድጓዱ ይዞ ቀረ፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነው ግን ሽሮ ስትንተከተክ የምትረጨውን ነጠብጣብ በየቀኑ ማን ይፈትጋል። እብነ በረዱ ላይ እርዱ ጭራሽ አልለቅ አለ፣ ሎሚም ጠብ ባደረግኩበት ቦታ ማብለጭለጩ ጠፋ፣ ድንጋዩ በጠባዩ አሲድ አይችልም። የዳለቲን እብነ በረድ እወደዋለሁ፣ ለደረጃና ለመስኮት ግን። የመስታወት ሞዛይኩ ራሱ ንጹህ ነው፣ ግን አንዱ 30 በ30 ቅጠል ላይ ከመቶ በላይ ፍሬ አለ፣ በየፍሬው መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግራውት ደግሞ በርበሬውን ይጠጣዋል።

እና ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ 30 በ60 ሴራሚክ ወሰንኩ። ቁመቱን አቁማችሁ ስታደርጉት 60ዋን በአንድ ፍሬ ይሸፍናል፣ አግድም መጋጠሚያ የለም ማለት ነው። ፖርሰሊንም ጠይቄ ነበር፣ እሱ ውሃ ስለማይመጥ በሲሚንቶ ብቻ በደንብ አይያዝም፣ የራሱ ማጣበቂያ ይፈልጋል፣ ለዚች ግድግዳ አያስፈልግም ብዬ ተውኩት።

የጠፋው የኔ ሒሳብ ነው። ግድግዳዬ 4 ሜትር ከ20 ስለሆነ 14 ፍሬ ይበቃል፣ ካርቶኑ 8 ፍሬ (1.44 ካሬ) ይይዛል፣ ሁለት ካርቶን ገዛሁ፣ 16፣ ሁለት ትርፍ፣ ጎበዝ ነኝ አልኩ። ቤት ስንከፍተው ሁለቱ ተሰብረዋል፣ ሦስተኛውን ሠራተኛው ለሶኬት ቀዳዳ በግራይንደር ሲቆርጥ ሰነጠቀው። 13! ለአንዲት ፍሬ ሦስተኛ ካርቶን ልገዛ ተመለስኩ፣ ሱቁም (ስሙ ይቅርብኝ) "ያው ነው" ብሎ ሰጠኝ። ያው አይደለም። ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ያኛው ወተት፣ ይሄኛው እርጎ። ካርቶኑ ጎን ላይ ሼድ የሚል ቁጥር አለ፣ ሁሉም ካርቶን ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ እዩ፣ "ተመሳሳይ ነው" ሲሏችሁ ሳቅ ብላችሁ ቁጥሩን እዩ። ልመልሰው ብል ካርቶኑ ተከፍቷል ብለው እምቢ አሉኝ።

ሠራተኛው ግን እጁ ይባረክ። ስቲከሩ የተወውን የዘይት ቀለም ሳይጠቀጥቅ አልለጥፍም ብሎ ግማሽ ቀን ልስኑን ሲመታ ዋለ፣ እኔ ሰዓት ገደለ ብዬ ተነጫነጭኩ። በኋላ ጎረቤቴ ጋ ቀለም ላይ የተለጠፈው ሴራሚክ ሲወልቅ አይቼ አፌን ያዝኩ። ሴራሚኩንም ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የለጠፈው፣ ደረቁ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጥና ቶሎ ያደርቀዋል አለኝ።

አንድ የተሳሳትኩት ነገር ግራውቱን ነጭ ይሁን ማለቴ ነው። "እትዬ ግራጫ ይሁን" ብሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ከምድጃው ጀርባ ያሉት ሁለት መስመሮች ብርቱካን ሆኑ፣ በረኪና ለአንድ ሳምንት ያነጣዋል ከዛ ይመለሳል። በመጨረሻ ተጠርቶ መጥቶ እነዛን ሁለቱን ፍቆ በግራጫ ሞላልኝ፣ ሌላው ነጭ ነው፣ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።

እርጎዋ ፍሬ ማይክሮዌቩ ጀርባ ናት። የተረፉት 7ቱ አልጋ ስር ናቸው፣ የሻወር መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድልኝ።