«የጎጃም የተራራ ሐይቆች፣ ሁሉም ተካቷል» ለሚል ፓኬጅ ብር እንዳትልኩ

ከጓደኞቻችሁ ጋር ተዋጥታችሁ የዘንገናንና የጉደራን ሐይቆች፣ የጮቄንም ተራራ በአንድ ዋጋ የሚያስኬድ ጉዞ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

ዘንገና ሩቅ ቦታ አይደለም። እንጅባራ አጠገብ፣ የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አስፋልት ዳር ነው፤ ከመኪና ወርዶ ጥቂት መራመድ ይበቃል። ለዚያ የጭነት በቅሎና የመንገድ መሪ ሒሳብ የሚጠይቃችሁ ሰው እየሸወዳችሁ ነው።

ከባዱ ጮቄ ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደብረ ማርቆስን በ1,500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ማርቆስ ላይ በጋቢ የሚታደር ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ። በፓኬጁ የሚሰጣችሁ የመኝታ ዕቃ ጉድለቱ የሚጋለጠውም ያን ሌሊት ነው።

ስሊፒንግ ባጉን (የመኝታ ከረጢቱን) ገልብጡና መለያውን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥር አለ፤ አከራዮች የሚጠሩላችሁ «ኤክስትሪም» የሚለውን ነው። እሱ ሰው የሚተኛበት ሙቀት አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓት በብርድ ላለመሞት የሚያቆይ የመጨረሻው ጠርዝ ነው። እናንተ የምትፈልጉት «ኮምፈርት» የሚለውን ነው፤ ለጮቄ ከዜሮ በታች ካልሆነ አትውሰዱት። ምንጣፍ (ማት) መኖሩንም ጠይቁ፤ ከበታቻችሁ ያለው የባጉ ክፍል ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይዝም፣ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው።

ድንኳኑን ሳትከፍሉ አስተክሉት። ባለ አንድ ሽፋን ከሆነ ትንፋሻችሁ ግድግዳው ላይ ውኃ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠብባችኋል። ስፌቱ ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሱና 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከውስጥ በጣት ስትዳስሱት ከረጠበ ስፌቱ አልታሸገም ማለት ነው። «አዲስ ነው» ቢሏችሁም አትስሙ።

ክፍያው ላይ ማስያዣ ብቻ ስጡ፣ ቀሪው ጉዞው ሲጀመር ይከፈል። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ሙሉውን አትላኩ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ የመንገዱን ሁኔታ ግን ከሻጩ ሳይሆን በአካባቢው፣ ሮብ ገበያ ወይም ሰከላ ካለ ሰው ጠይቁ። ዕቃ ስትረከቡ እያንዳንዱን ቀዳዳና የተሰበረ ዘንግ ፎቶ አንሡ፤ ስትመልሱ «እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» ተብሎ ማስያዣው የሚቀረው በዚህ ሰበብ ነው።