ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው ናቸው? ፓይተንን ጠየቅሁት

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን መተንፈሻ የለም። ክረምት ሲገባ ግን ዝንብ ሳባርር ነው የምውለው። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን እድር ዳኛ አንድ ያረጀ ባሕር መዝገብ አቅፈው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ኮምፒውተር ላይ አስገባልን። ስለ ሒሳቡ ኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። ስለ ሒሳቡ እስካሁን አልተነጋገርንም።

መዝገቡ ብዙ ጸሐፊ ያለፈበት ነው። አንዱ ኃይሉ ይላል፣ አንዱ ሀይሉ፣ ሌላው ሐይሉ። የአባልነት ቁጥሩ ደግሞ በግእዝ ቁጥር ነው። እንዳለ ገለበጥኩት። ታዲያ ጣና ላይ ጀልባ የሚነዱ አንድ አባት ለሁለት ተከፈሉ። ኃይሉ መዋጮውን ጨርሷል፤ ሀይሉ የአራት ወር ውዝፍ ከነቅጣቱ አለበት። ሱቄ ድረስ መጡ። «እኔ ያለሁት አንድ ነኝ! ሁለተኛውን ከየት አመጣኸው?»

ዛሬ የምገመግመው ያን ጊዜ የያዝኩትን መሣሪያ ነው፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያለውን ዩኒኮድዳታ። አንድ ፊደል ትሰጠዋለህ፤ ስሙን፣ ምድቡን፣ ቁጥር ከሆነም ዋጋውን ይነግርሃል። ነጻ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይቺን የመጨረሻዋን አትናቁብኝ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ነበር የምሠራው፤ ኔትወርኩ እዚያ ብቅ ጥልቅ ይላል።

መጀመሪያ ሦስቱን ሀ ጠየቅሁት። ስማቸውን ሲጠራ ሀን «ኤች ኤ»፣ ሐን «ኤች ኤች ኤ»፣ ኀን «ኤክስ ኤ» ይላቸዋል። ለእሱ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። የተለያየ አጻጻፍን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣውን ኖርማላይዝንም ሞከርኩ፣ ጠንከር ያለውን ኤንኤፍኬሲን ሳይቀር። ንቅንቅ የለም። ተናደድኩ። ጎረቤቴ ዲያቆን ነው፤ ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ። «በግእዝ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣች ነው፤ ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ልታደባልቃቸው ነው?» ልክ ነው። ማደባለቁ የኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ልማድ እንጂ የፊደሉ ጠባይ አይደለም።

ማዛመጃውን ራሴ ጻፍኩት። ለዓለም ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን በፈረንጆቹ 1999 ሲያስገባ ስምንት ስምንት አድርጎ ነው የደረደረው። የሀ ቤትና የሐ ቤት በ16 ይራራቃሉ። ከሑ ላይ 16 ስትቀንስ ሁ፣ ከሒ ላይ ስትቀንስ ሂ። ደስ ይላል። ስምንተኛዋ ወንበር ላይ ግን ጉድ አለ። ከሗ ላይ 16 ስትቀንስ ሇ ትወጣለች! እሷን ለብቻ አስተናገድኳት።

ቁጥሩ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የጣመኝ። ኢንት የሚባለውን ፭ን ወደ ቁጥር ለውጥልኝ ስለው ስሕተት ብሎ ወረወረው። ኢዝዲጂትን ስጠይቀው ደግሞ አዎ፣ አሃዝ ነው አለኝ። ፲ን ስጠይቀው አይደለም አለ። አንጀቴ አላስቻለኝም፤ አንድ ሌሊት መሣሪያው የተጻፈበትን ሶርስ ኮድ በሞባይል ዳታ አወረድኩ።

ዩኒኮድዳታ የተጻፈው ሲ በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ግን ኮዱ ራሱ ቀጭን ነው። ክብደቱ ያለው ሠንጠረዦቹ ላይ ነው፤ እነሱን ደግሞ በእጁ የጻፋቸው የለም። አንድ የፓይተን ስክሪፕት የዩኒኮድን ዋና ፋይል አንብቦ ያመርታቸዋል። በዚያ ፋይል እያንዳንዱ ፊደል አንድ መስመር አለው፣ በ15 ክፍል የተከፋፈለ። ለቁጥር ሦስት ክፍሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተለመደው 5 ሦስቱንም ሞልቷል። ፭ የመጀመሪያውን ባዶ ትቶ ሁለቱን ሞልቷል። ፲ የመጨረሻውን ብቻ። ኢንት የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱም ዜሮ ላላቸውና በቦታ ለሚቆጠሩ አሃዞች የተያዘ ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፳፭ን ፳ እና ፭ ብለህ ትደምራለህ እንጂ በቦታ አታነብም። የናቀን መስሎኝ ነበር። ለካ አባቶቻችን እንዴት እንደሚቆጥሩ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

አሠራሩም ብልህ ነው። ዩኒኮድ 1,114,112 ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ የጠባዩ መግለጫ ካርድ ቢሰጥ ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ ጠባያቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች አንድ ካርድ ይጋራሉ፤ በሁለት እርምጃ ማውጫ ካርዱ ላይ ትደርሳለህ። የቁጥር ዋጋዎቹን ያገኘኋቸው ግን አንድ ረጅም ስዊች፣ ማለትም «ይህ ፊደል ከሆነ ይህን መልስ» የሚል የኮድ ዝርዝር ውስጥ ነው። ፩ ከሮማውያኑና ከቻይናው አንድ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሟል። ሁሉም የሚመልሱት 1.0 ነው። የእድር አባል ቁጥር 125.0 ሆኖ የታተመበትም ምክንያት ይኸው ነው። ዳኛው ሲያዩት «ነጥብ ዜሮዋ ልጁ ናት?» አሉ።

ቅሬታዬን ልናገር። እኔ የያዝኩት ፓይተን 3.12 ነው፤ ይህ ፊደል የየትኛው ጽሕፈት ነው ብለህ የምትጠይቅበት መንገድ የለውም። ኢትዮጵያዊ ፊደል መሆኑን ለማወቅ በስሙ መጀመሪያ ወይም በቁጥር ክልሉ መገመት አለብህ። ሬጄክስ የሚባለውን ተጨማሪ ጥቅል ከጫንክ ይገላግልሃል። ሌላው ሁለት ነጥብ ነው። ፡ ቃላትን የምትለይ ብትሆንም የተመደበችው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ነው፤ ከክፍት ቦታ ጋር አይደለም። ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚቆራርጠው ስፕሊት አያያትም። ያረጀው መዝገብ ደግሞ በሁለት ነጥብ የተሞላ ነው፤ ሙሉ ስም ከነአባቱ እንደ አንድ ቃል ይመጣል። ሰዉ አራት ነጥብ ብሎ ሁለቴ የሚመታትንም ፡፡ ወደ ። አይመልስልህም። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ፤ ከአምስት አራት።

አንድ ለመዝናኛ የምትሆን አለች። ፓይተን ላይ ዋጋ፩ ብለህ ተለዋዋጭ መሰየም ትችላለህ። ዋጋ፲ ግን አይፈቀድም። አስርና ከዚያ በላይ ዋጋ ያለው ሰው ከፈለገ ሌላ ስም ይፈልግ።

ጀልባ ነጂው አባት አሁን አንድ ናቸው፤ ውዝፉም ተሰርዟል፤ አሳም ይዘውልኝ መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ዓለሙና አለሙ የሚባሉ ሁለት አባላት በእኔ ማዛመጃ አንድ ሰው ሆነዋል። እነሱ በእውነት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ተቆጥተው ዳኛው ጋ ሄደዋል። ይህን እንኳ ዩኒኮድዳታ ላይ አላላክክም።