የ1973 ኤም.ጂ.ቢ. ስፖርት መኪናዬ ጥቃቅን ጉዳቶችና የጠገናት ጋራዥ

እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራችውን ባለ ሸራ ጣሪያ ኤም.ጂ.ቢ. መኪናዬን ባለፈው ሚያዝያ ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖችን ወደሚያድስ አነስተኛ ጋራዥ የወሰድኳት አራት ጥቃቅን የሚመስሉ ጉዳቶችን ለማስጠገን ነበር። በግራው የፊት ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የአካል ላሜራ) ታችኛ ጫፍ ላይ ቀለሙ አረፋ አውጥቷል፤ የሾፌሩ በር ላሜራ ከትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት ሥር ተሰንጥቋል፤ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ብዛት ተተርትሯል፤ የሾፌሩም ወንበር ወደ ታች ሰጥሟል። በሥራው ውስጥ የምነቅፈው ነገር ስላለ የጋራዡን ስም አልጠራም። የሠሩበትን መንገድ በዝርዝር የማስቀምጠው ግን ተመሳሳይ መኪና ያለው አንባቢ ወደየትኛውም ጋራዥ ሲሄድ ምን መጠየቅ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ኤም.ጂ.ቢ. እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ ብዙም በማትርቀው በአቢንግደን ከተማ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቶ አብዛኛው ወደ ሰሜን አሜሪካ የተላከ መኪና ነው። ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉ የሚያርፍበት የብረት አጽም፣ የለውም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከአካሉ ላሜራ፣ በተለይም ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ከሚያልፉት ሳጥን መሰል የላሜራ ወራጆች ነው። ጣሪያው ሸራ በመሆኑ እነዚህ ወራጆች በዝገት ከተበሉ መኪናው መሃሉ ላይ ይጎብጥና በሮቹ አልዘጋ ይላሉ። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቀለም አረፋ እንኳ ከኋላዋ ምን እንዳለ ሳይታይ መሸፈን የለባትም።

ጋራዡን እጅግ ያከበርኩት በዚሁ ጉዳይ ነው። ከእነርሱ በፊት ያነጋገርኩት ሌላ ባለሙያ አረፋውን ፍቆ፣ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚደፈንበት ሊጥ) ሞልቶ፣ በሁለት ቀን ቀለም ቀብቶ እንደሚያስረክበኝ ነግሮኝ ነበር። እነዚህ ግን ፓራፋንጎው ወርዶ ውስጡ ሳይታይ ዋጋ አንናገርም አሉ። የኤም.ጂ.ቢ. የፊት ፓራፋንጎ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን የታሰረ በመሆኑ ማውረዱ ትዕግሥት ቢጠይቅም ላሜራ መቁረጥ አያስፈልገውም። ሲወርድ ከበሩ ምሰሶ ፊት ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ጎማው ለዓመታት የረጨው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ተጠቅጥቆ ተገኘ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ ጭቃ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ሲቆይ ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲበላው ኖሯል፤ ከውጭ የማየው አረፋም የመጨረሻው ምልክት ነበር። ወራጁን እኔው ፊት በመፍቻ ጫፍ እየወጉ መረመሩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠንካራ ነበር። የተበላውን የፓራፋንጎ ክፍል ቆርጠው በአዲስ ላሜራ በየዱት፣ ከውስጥም ከውጭም ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፣ ከተገጠመ በኋላም ክፍተቱ ውስጥ ሰም ረጩበት። የእያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ ሰጥተውኛል፤ ይህን የማያደርግ ጋራዥ ከቀለም በታች ምን እንደሠራ ደንበኛው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

የበሩ ስንጥቅ የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው። በሩ በመስኮቱ እየተያዘ በተዘጋ ቁጥር ኃይሉ በትንሿ መስኮት ሥር ባለው ቀጭን ላሜራ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በስቱኮ ብቻ የተደፈነ ስንጥቅ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይከፈታል። እነርሱ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉን በትንሽ ቀዳዳ አስቁመው በየዱት፣ ከበስተኋላም ደጋፊ ላሜራ አኖሩለት። እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። የቀለሙም ነገር ያስደስታል፤ ጠቆር ያለውን ቀይ የፋብሪካ ቀለም በኮዱ ብቻ ቢቀምሙት ኖሮ በፀሐይ ከደበዘዘው ነባር ቀለም ጋር ስለማይገጥም፣ መኪናዋን ራሷን ናሙና አድርገው ቀምመው ድንበሩ እንዳይታይ ወደ በሩ ቀስ በቀስ እያሳሱ ረጩት።

ወደ ውስጡ ስመጣ፣ ከሁሉ የጠቀመኝ እኔ ጨርሶ ያላዘዝኩት ሥራ ነው። ምንጣፉ በእግር መርገጫው በኩል ዘወትር እርጥብ ነበር፤ እኔም ጥፋቱን ያረጀው የበር ጎሚኒ ላይ ጥዬ እኖር ነበር። ቴክኒሻኑ ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ አሳየኝ። በዚያ የሚገባው የዝናብ ውኃ ወደ መሬት የሚወርድበት የጎማ ቱቦ በቅጠል ተደፍኖ ስለነበር ውኃው በማሞቂያው ሳጥን በኩል ተትረፍርፎ እግር ሥር ይፈስሳል። ቱቦው በቀጭን ሽቦ ተጠረገ፤ ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ተፈተሸ፣ ደርቆም ተቀባ። ለዚህ ያስከፈሉኝ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ቱቦው ሳይጠረግ ምንጣፉ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ምንጣፍ ከበላዩ እያማረ ወለሉ ከበታቹ ይዝግ ነበር።

በዳሽቦርዱ ግን ቅር ተሰኝቻለሁ። ትክክለኛው ጥገና መሪውንና ስሚዝስ የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን የዳሽቦርድ መለኪያዎች ነቅሎ፣ ዳሽቦርዱን አውጥቶ እንደገና ማልበስ ነው፤ ዋጋው ስለከበደኝ ከላይ የሚለጠፈውን ቅርጽ የወጣለት የፕላስቲክ ሽፋን መረጥሁ። ምርጫው የእኔ ነበር፤ አለጣጠፉ ግን የእነርሱ ነው። ሽፋኑ ከመለጠፉ በፊት በስንጥቆቹ ዙሪያ ወደ ላይ የተነሣው ልባስ ተቆርጦ መስተካከል ሲገባው በቀኝ በኩል እንዲሁ ተትቷል፤ በሐምሌ ሙቀትም ጠርዙ ተነሣ። ስነግራቸው ያለ ክፍያ ነቅለው እንደገና ለጥፈውታል፤ ቢሆንም ለመስታወቱ አየር የሚሰጡት ቀዳዳዎች ከሽፋኑ ቀዳዳዎች ጋር በትክክል ስላልገጠሙ በዝናብ ቀን የመስታወቱ ጉም ከቀድሞው ዘግይቶ ይለቃል። የቀዳዳዎቹን ስፋት አስቀድመው ለክተው ሊያስጠነቅቁኝ ይገባ ነበር።

ወንበሩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ የደረቀው የላስቲክ መወጠሪያና የተፈረፈረው ስፖንጅ ተቀይረው፣ ነባሩ ልባስ ታጥቦ ተመልሷል፤ አሁን ከመሪው በላይ መንገዱን በደንብ አያለሁ።

ለሁሉም 3,400 ዶላር ከፍያለሁ፤ ሁለት ሳምንት ተብሎ የተጀመረው ሥራም አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ለፓራፋንጎው፣ ለበሩና ለውኃው ሥራ ገንዘቡ አይቆጨኝም። የሸራ ጣሪያው የኋላ መስኮት መበለዝ ጀምሯል፤ እርሱንም እዚያው እወስደዋለሁ፣ የዳሽቦርዱን ሙሉ ልባስ ግን ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ አሠራለሁ።