ቬንትሌተር ወይስ እርጥብ ነጠላ?

ድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀልድ አታውቅም። ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ ሲሄድ ኤሲ የሌለው ሰው በእጁ ያለው ቬንትሌተር ወይም እርጥብ ነጠላ ነው።

ቬንትሌተር ይመቻል፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ግን አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ያለውን ያንቀሳቅሳል እንጂ። የሚያበርደን ላባችን ቶሎ እንዲተን ስለሚያግዝ ነው። አየሩ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ጭራሽ ሰውነትን ያሞቃል። መብራት ከጠፋማ አለቀ።

ነጠላው መብራት አይጠይቅም። ነክሮ፣ ጨምቆ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከቆዳ ይዞ ይሄዳል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። (አያቶቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁት ነበር።) ጣጣው ቶሎ መድረቁ ነው፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ መንከር አለ። እርጥበት በበዛበት አየር ደግሞ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ በክረምት፣ ያን ያህል አያበርድም። ውሃው የት ይተናል?

ለድሬ ደረቅ ቀትር እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ። ማታ አየሩ ረገብ ሲል መስኮት ከፍቼ ቬንትሌተሩን አስነሳለሁ፤ ያውም መብራት ካለ።